ጠራ

የኪራይ ውሌ ላይ፣ አንቀጽ አሥራ አራት፣
«አንቴና መትከል፣ በረንዳ ላይ ሽቦ መዘርጋት
ክልክል ነው» ይላል።
ፈርሜያለሁ። ፊርማዬም ያምራል።

ስለዚህ ሬዲዮዬ ሌላ ቤት ነው የሚያድር፣
ከኒፓዋ ወዲያ፣ ከስንዴ ማሳ ዳር፣
የወይዘሮ ኦሪሲያ ባል ድሮ ባቆሙት ማማ ሥር፣
አይጥ በማይደርስበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ።
እኔ ዊኒፔግ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ በካልሲዬ ስቀመጥ፣
ብራውዘር ከፍቼ ያንን ሣጥን በአይጥ እደርስበታለሁ፤
ጠቅ ሳደርግ ይነቃል። ጠቅ፦ አንቴናውን ወደ ደቡብ አዞራለሁ።

ድምፄ በቅድሚያ በገመድ እርሻው ይወርዳል፣
ከእርሻው ሰማይ ይወጣል፣
ከሰማይ ቺሊ፣ ወይ ሌላ የማላውቀው ደጅ ይደርሳል።
ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል።
በዚያች ግማሽ ሰከንድ የት እንዳለሁ ብትጠይቁኝ፣
እንጃ። በስድስት ፊደል የምጠራ ሰው ነኝ።

ስክሪኑ ላይ ፏፏቴ አለ፤ የአየሩ ድምፅ በሙሉ
ሰማያዊ ክር እየሆነ ይወርዳል፤ ቀጫጭን አሉ፣ ወፍራም አሉ።
ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን አንድ ቁንጫ አለበት፦
ጠቅ።
ጠቅ።
ጠቅ።
የጊደሮቻቸው አጥር፣ ኤሌክትሪክ የሚሮጥበት።
በየሰከንዱ አንዴ ይነክሳል፤ ከሰው ስም ፊደል ይሰርቃል።
ጠቅ ስል እኔ፣ ጠቅ ይላል እሱ፣
እንደ ሁለት ጎረቤት፣ አይታረቁ፣ አይካሰሱ።

ደውዬም ነበር። «ወይዘሮ፣ አጥርዎን ሣር ነክቶት ይሆናል፣
ያንኳኳብኛል።»
«ጊደሮቼ» አሉ «ካንተ ቺሊ ይበልጡብኛል።»
ሳቁ። ከዚያ ሳሉ።
ሳሉ ከሳቁ ረዘመ።

መስከረም ሲያልቅ፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣
ከአውቶቡስ ጋራዥ ገብቼ፣ ግሪሱን ከጣቴ ሳልጠርግ ከፈትኩት።
ፏፏቴው ይወርዳል።
ምንም የለበትም።
ጠራ።

ታጥቦ እንደ ደረቀ ብርጭቆ። ከኒውዚላንድ አንድ ሽማግሌ
ስለ በግ ሽለታ ያወራል፤ መሃል ላይ ትንፋሽ ሲወስድ ሰማሁት፣
ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።
ስድስት ዓመት የተመኘሁት ሰማይ ይኸው።
ሰውየው ስሙን ተናግሮ፣ የሚመልስ ካለ ብሎ ጠበቀ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ሬዲዮው ከበራ፣ መብራት አልጠፋም።
ከብት ያለው ሰው ደግሞ አጥሩን አያጠፋም።
በዚህ ሰዓት ሰው ቤት አይደወልም። ደወልኩ። አላነሱም።
ደገምኩ። ሦስተኛ።

እዚያ ካሜራ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ጆሮ ነው።
በዚያው ቤታቸውን ዳሰስኩት፦ የጓሮ መብራታቸው ይኸው፣
እዝ ይላል። የፍሪጃቸው ሞተር፣ እሱም አለ፤ ተነሳ፣ ተኛ።
ለካ ስረግመው የኖርኩትን ጫጫታ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፣
የቱ ክር ከየትኛው ክፍል እንደሚመጣ አውቃለሁ።
የጉድጓዱ ፓምፕ ብቻ የሰው እጅ ይጠብቃል።

ሽማግሌው እራቱ ደርሶ ተሰናበተ።
ሻዬ ቀዘቀዘ።
አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ከፏፏቴው በስተግራ፣
አንድ ወፍራም ክር ወረደ። ውሃ።
የሰው ፊት፣ ወይ ማንቆርቆሪያ።

ስልኬ ጮኸ። «ሦስት ጊዜ ደውለሃል፤ ማማው ወደቀ?»
«አጥርዎ» አልኩ። «አጥርዎ… ዝም አለ።»
«ሰኞ ሸጥኳቸው፣ ጊደሮቹን። ጉልበቴ ጭቃ እምቢ አለ።
ምነው፣ ደስ አይልህም? ሰማይህ ጠራ።»

ጠራ፣ አልኳቸው። አዎ፣ ጠራ።
ማንን እንደ ጠራ ግን አልነገርኳቸውም።
«ባዶውን አጥር» አልኩ «ማታ ማታ ለትንሽ ቢያበሩት?»
«ለማን?»
ግማሽ ሰከንድ ዘገየሁ።
«የመብራቱን አንተ ክፈል» አሉ።

ጠቅ።